ሕጉን ማወቅ ግዴታ ከሆነ፣ ማግኘትስ?

አንድ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ሊገዛ ነው እንበል፡፡ ለዓመታት አጠራቅሟል፣ የጎደለውን ከባንክ ሊበደር ነው፣ ከሻጩ ጋር በዋጋ ተስማምቷል፡፡ ሁለቱም ሽማግሌዎች ፊት ወረቀት ጽፈው ተፈራርመዋል፡፡ ጥያቄው አጭር ነው፡- ይህ ውል በሕግ ፊት ይጸናል ወይስ አይጸናም?

ጥያቄው አጭር ይሁን እንጂ መልሱ አንድ ቦታ ተቀምጦ አይጠብቀውም፡፡ መጀመሪያ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ መክፈት አለበት፡፡ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ዘንድ መመዝገብ አለበት ይላል፡፡ ይኸው ሕግ ከሺሕ በላይ ቁጥሮች ዝቅ ብሎ በቁጥር 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ መደረግ እንዳለበት ይናገርና ስለ ምዝገባ ዝም ይላል፡፡ በቁጥር 2878 ደግሞ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ያልገባ ሽያጭ በሦስተኛ ወገኖች ላይ ውጤት እንደማይኖረው ይደነግጋል፡፡ ሦስቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ሰው ቢያንስ ሁለት ዓይነት መልስ ሊያወጣ ይችላል፡፡ ጠበቆችም ሲከራከሩበት ኖረዋል፡፡

ነገሩ በዚህ አያበቃም፡፡ ቁጥር 1723 በ2001 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 639 ተሻሽሏል፡፡ ማሻሻያው ከባንክ ወይም ከአነስተኛ የገንዘብ ተቋም ጋር የሚደረግ የመያዣ ውል በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ዘንድ የግድ መመዝገብ እንደማያስፈልገው የሚናገር ነው፡፡ ስለዚህ ገዢያችን ከሻጩ ጋር የሚፈርመው ውልና ከባንኩ ጋር የሚፈርመው ውል በአንድ ቤት ላይ የተደረጉ ቢሆኑም የሚገዙት በተለያየ ደንብ ነው፡፡ የሰነዶች ማረጋገጥና ምዝገባን የሚመለከተው ሕግ ደግሞ ሌላ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 334/1995 ነበር፣ በአዋጅ ቁጥር 922/2008 ተተክቷል፡፡ ከቤቱ ሥር ያለውን መሬት በተመለከተ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አለ፤ መሬት አይሸጥም፡፡ ከእሱ ሥር የሊዝ ሕግ፣ ከሊዝ ሕጉ ሥር የከተማው አስተዳደር ደንብ፣ ከደንቡ ሥር መመሪያ፡፡

ይህን ሁሉ አንብቦ የጨረሰ ሰው ገና ዋናውን አላነበበም፡፡ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 በቁጥር 1723 መሠረት ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል የጸና እንዳልሆነ ወስኗል፡፡ ከዚያ በኋላ በተሰጡ ሌሎች ውሳኔዎች ደግሞ ሻጩ ውሉን ማድረጉን ካልካደ ውጤቱ ሌላ ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል፡፡ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ፣ በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ምክንያት፣ ችሎቱ ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፡፡ እንግዲህ የ1952ቱን መጽሐፍ ገዝቶ ቁጥር 1723ን ደጋግሞ ያነበበ ሰው ሕጉን አውቋል ማለት ይቻላልን? አይቻልም፡፡ ሕጉ ያለው በመጽሐፉ፣ በማሻሻያው፣ በሰበር ቅጾቹና በመመሪያው መካከል ነው፡፡ በመካከላቸው ያለውን መስመር ያልሳለለት ሰው ካለ አያገኘውም፡፡

መንግሥት በበኩሉ ሁላችንም እንደምናውቅ አድርጎ ይቆጥራል፡፡ የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 በጋዜጣው የወጣን ሕግ የፌዴራልም ሆነ የክልል የመንግሥት አካላት፣ ማንኛውም የተፈጥሮም ሆነ የሕግ ሰው እንዲያውቀው ይደነግጋል፡፡ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 81 ደግሞ ሕግን አለማወቅ መከላከያ እንደማይሆን ይናገራል፤ ዳኛው ቅጣት ለማቅለል ሊያየው ይችል እንደሆነ እንጂ፡፡ ይህ ግምት የእኛ አገር ፈጠራ አይደለም፤ ያለ እሱ የትም አገር ሕግ ሊሠራ አይችልም፡፡ ነገር ግን ግምቱ የቆመው «ማወቅ የፈለገ ሰው ማወቅ ይችላል» በሚለው መሠረት ላይ ነው፡፡ መሠረቱ ከላላ ግምቱ ፍትሐዊነቱን ያጣል፡፡

የተበተኑትን ሕጎችና ውሳኔዎች አንድ ላይ አገናኝቶ የሚፈለግ የዕውቀት ቋት መሥራት ያስፈልጋል የሚለው ሐሳብ ለዚህ ነው የሚነሳው፡፡ ሐሳቡ በየስብሰባው ሲነሳ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ይኼ ነው፡- «ችግር የለም፣ ሁሉንም ስካን አድርገን ድረ ገጽ ላይ እንጭነዋለን፡፡» በእኔ እምነት ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፡፡ የወረቀት ክምርን ወደ ፒዲኤፍ ክምር መቀየር ክምሩን አያጠፋውም፡፡ የፌዴራል አዋጆችንና የሰበር ውሳኔዎችን የሚያስነብቡ የመንግሥትም፣ በግል የሕግ ባለሙያዎች ጥረት የተሠሩም ድረ ገጾች አሉ፤ ባለውለታዎቻችን ናቸው፡፡ ነገር ግን ሰነድ ማስቀመጥና ሰነዶችን ማገናኘት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፡፡ ሁለተኛው ሥራ ምን እንደሆነ በዝርዝር ላስረዳ፡፡

ከመታወቂያ እንጀምር፡፡ ማንኛውም የመረጃ ቋት በመጀመሪያ የሚጠይቀው እያንዳንዱ ሰነድ ከሌላው የሚለይበት አንድ መጠሪያ እንዲኖረው ነው፡፡ የሕጎቻችን መጠሪያ ቁጥርና ዓመት ነው፤ ሲታይ ቀላል ይመስላል፡፡ ሆኖም መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ቁጥሩም ከአንድ ይጀምራል፡፡ ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው የ1934ቱ አዋጅ ቁጥር 1 ነው፡፡ ንጉሠ ነገሥቱን አውርዶ ጊዜያዊ ወታደራዊ መንግሥትን ያቋቋመው የመስከረም 1967ቱም ቁጥር 1 ነው፡፡ የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት የታወጀበት የ1980ው ቁጥር 1፣ አሁን ያለው ሕገ መንግሥት የታወጀበት የ1987ቱም ቁጥር 1 ነው፡፡

«ዓመቱ ይለያቸው የለም ወይ?» ይባል ይሆናል፡፡ ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የሚታተም ስለሆነ አንድ አዋጅ በአማርኛው ዓምድ በእኛ አቆጣጠር፣ በእንግሊዝኛው ዓምድ በፈረንጆች አቆጣጠር ይጠራል፡፡ አዋጅ 454/1997 እና አዋጅ 454/2005 ሁለት ሕጎች የሚመስሏቸው ተማሪዎች አጋጥመውኛል፤ አንድ ናቸው፡፡ ተቃራኒው ደግሞ የባሰ ነው፡፡ የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት በእንግሊዝኛ ሲጠራ አዋጅ ቁጥር 1/1987 ነው፡፡ የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት ማወጃ በአማርኛ ሲጠራ አዋጅ ቁጥር 1/1987 ነው፡፡ አንዱ የደርግ ዘመን፣ ሌላው እሱን የተካው ሥርዓት ሕገ መንግሥት ሆኖ ሳለ፣ «1/1987» ተብሎ የተጻፈለት ኮምፒዩተር ሁለቱን አንድ አድርጎ ሊያስቀምጥ ይችላል፡፡ ሰው የሆነ አርታኢ ካልነገረው በቀር ልዩነቱን ከምን ያውቃል?

ከመታወቂያ ቀጥሎ የፊደል ነገር አለ፡፡ «ፍትሐ ብሔር» የሚለውን ቃል ስንት ዓይነት አድርገን ነው የምንጽፈው? ፍትሐ ብሔር፣ ፍትሃ ብሄር፣ ፍትሐብሔር፣ ፍታብሔር፤ በፍርድ ላይ ደግሞ «የፍ/ብ/ሕ/ቁ»፡፡ «ሕግ» እና «ህግ»፣ «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ»፣ «ዓመት» እና «አመት»፣ «ፀና» እና «ጸና»፡፡ ለአንባቢ ሁሉም አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተር እያንዳንዱ ሌላ ቃል ነው፡፡ በዚያ ላይ ቋንቋችን ቃሉን ከፊትም ከኋላም ያለብሰዋል፡፡ «ውል» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ከውሉ»፣ «በውላቸው»፣ «ስለውሎች»፣ «የተዋዋዮች» የሚሉትንም ማግኘት ይኖርበታል፡፡ እንግሊዝኛን ታሳቢ ያደረገ መፈለጊያ ገዝቶ አማርኛ ላይ የጫነ መሥሪያ ቤት ፍለጋው ለምን ባዶ እንደሚመለስ ሲገርመው ይኖራል፡፡ መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፤ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ለፍለጋ ሲባል ወደ አንድ መመለስ፣ ቅጥያዎችን መግፈፍ፣ አሕጽሮተ ቃላትን ከሙሉ ስማቸው ጋር ማጣመር ነው፡፡ የሰነዱ አጻጻፍ ግን እንዳለ ይቀመጣል፤ በሕግ ጽሑፍ ላይ ማንም የራሱን ፊደል ማስገባት የለበትም፡፡

የቆዩ ሰነዶች ሌላ ጣጣ አላቸው፡፡ የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፡፡ ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በየቢሮው የምንጽፍባቸው ሶፍትዌሮች የአማርኛውን ፊደል በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ የሚስሉ ነበሩ፡፡ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈቱ የሚታየውን ዝባዝንኬ የዚያ ዘመን ሠራተኛ ሁሉ ያስታውሰዋል፡፡ ከዚያም የሚቀድሙት በምስል ብቻ ያሉ ናቸው፡፡ ምስልን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ሶፍትዌር ለአማርኛም አለ፤ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ሲደርስ ግን ሁለቱን ዓምዶች እንደ አንድ መስመር አድርጎ ያነብና ግማሽ ዓረፍተ ነገር አማርኛ፣ ግማሽ ዓረፍተ ነገር እንግሊዝኛ የሆነ አዋጅ ያወጣልናል፡፡ ዓምድ ከዓምድ ለይቶ፣ ሰው ተቀምጦ አንድ በአንድ ማረም ያስፈልጋል፡፡ ሥራው አሰልቺ ነው፤ ሌላ መንገድ ግን የለውም፡፡

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለኮምፒዩተር ባለሙያው የሚተው ነው፡፡ ቀጥሎ ያለው ግን የእኛ የሕግ ሰዎች ዕዳ ነው፤ ለባለሙያው ልንጥልበት አንችልም፡፡

የአዋጆቻችንን የመጨረሻ አንቀጾች ያነበበ ሰው አንድ አባባል ደጋግሞ ያገኛል፡፡ ይህን አዋጅ የሚቃረን ማንኛውም ሕግ ወይም ልማዳዊ አሠራር በአዋጁ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ ተፈጻሚ አይሆንም የሚል ነው፡፡ ለሕግ አርቃቂው እጅግ ምቹ ነው፤ የትኛው ሕግ፣ የትኛው አንቀጽ እንደተሻረ ፈልጎ ከመዘርዘር ያድነዋል፡፡ ለተጠቃሚው ግን የቤት ሥራውን አሸክሞት ይሄዳል ማለት ነው፡፡ ምን ከምን እንደሚቃረን መወሰን የትርጉም ሥራ ነው፤ ሁለት ጠበቆች ላይስማሙበት ይችላሉ፤ ኮምፒዩተር ደግሞ ከነአካቴው አይችልም፡፡ ስለዚህ በአዲሱ አዋጅና በአሮጌው መካከል «ሽሮታል» የሚል መስመር የሚያሰምረው ሕግ የሚያውቅ ሰው ነው፡፡ መስመሩ እርግጠኛ ያልሆነ ከሆነም «አከራካሪ» ተብሎ መጻፍ አለበት እንጂ ዝም ተብሎ መታለፍ የለበትም፡፡

በግልጽ የተነገረ መሻርም ቢሆን ቀላል አይደለም፡፡ የንግድ ሕጉን እንውሰድ፡፡ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1243 «አዲሱ የንግድ ሕግ» ተብሎ ስለተጠራ የ1952ቱ የሞተ የሚመስለው ብዙ ነው፡፡ አልሞተም፡፡ የተሻሩት አንደኛው፣ ሁለተኛውና አምስተኛው መጻሕፍት ናቸው፡፡ ስለ ማጓጓዝና ስለ ኢንሹራንስ የሚናገረው ሦስተኛው መጽሐፍ፣ ስለ ቼክና መሰል ሰነዶች እንዲሁም ስለ ባንክ ሥራ የሚናገረው አራተኛው መጽሐፍ በሕይወት አሉ፡፡ ግማሹ የሞተ፣ ግማሹ ያለ መጽሐፍ በአንድ ፒዲኤፍ ላይ ምንም ምልክት ሳይኖረው ሲቀመጥ አንባቢው የሞተውን ከሕያው በምን ይለያል? እውነተኛ የዕውቀት ቋት መጽሐፉን በአንቀጽ በአንቀጽ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ አንቀጽ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራ ይጽፍለታል፡፡ «ከመቼ እስከ መቼ» የሚለው ትልቅ ነገር ነው፡፡ ክርክር የሚነሳው ከዓመታት በፊት በተፈጸመ ነገር ላይ ስለሆነ ጠበቃና ዳኛ ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት የዛሬውን ሕግ ሳይሆን ውሉ በተፈረመበት ቀን የነበረውን ነው፡፡ አሮጌውን አንቀጽ አጥፍቶ አዲሱን የሚተካ ድረ ገጽ ለእነሱ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል፡፡

የሠራተኛ ሕጉ ሌላ ገጽታ ያሳየናል፡፡ አዋጅ ቁጥር 42/1985 በ377/1996፣ 377/1996 በ1156/2011 ተተክተዋል፡፡ በሰበር ቅጾቹ ውስጥ ካሉት አስገዳጅ የሥራ ክርክር ውሳኔዎች እጅግ የሚበዙት የተሰጡት በመካከለኛው አዋጅ ላይ ነው፡፡ የዛሬ አሠሪ ወይም የሠራተኛ ማኅበር መሪ የሚያነበው የመጨረሻውን ነው፡፡ በ377/1996 አንድ አንቀጽ ላይ የተሰጠ ትርጉም ለአዲሱ አዋጅ ተመሳሳይ አንቀጽ ይሠራል ወይስ አንቀጹ ሲለወጥ ትርጉሙም አብሮ ወደቀ? ይህን ለማወቅ አሮጌውን አንቀጽ ከአዲሱ ጋር አንድ ለአንድ የሚያገናኝ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል፤ ከእያንዳንዱ ውሳኔ ወደ አንቀጹ፣ ከአንቀጹም ወደ ውሳኔዎቹ የሚያደርስ መስመር ያስፈልጋል፡፡ የሰበር ውሳኔዎች ከሃያ በላይ በሆኑ ቅጾች ታትመዋል፡፡ ቅጾቹ የየራሳቸው ማውጫ ቢኖራቸውም «በዚህ አንቀጽ ላይ ከመጀመሪያው ቅጽ እስከ ዛሬ ምን ተባለ? የኋለኛው የፊተኛውን ለውጦታል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ማውጫ ከማውጫ እያስተያዩ ማምሸት ግድ ነው፡፡ ጥያቄው የቅንጦት አይደለም፤ አዋጅ 454/1997 ራሱ ችሎቱ በሌላ ጊዜ የተለየ ትርጉም ሊሰጥ እንደሚችል ይናገር ነበር፡፡ እሱንና የቀደመውን የፍርድ ቤቶች አዋጅ የተካው አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ደግሞ ትርጉሙ አስገዳጅ የሚሆነው ውሳኔው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ እንደሆነ ደንግጓል፡፡ ቅጹ እስኪታተም መጠበቅ አይቻልም ማለት ነው፤ ማክሰኞ የተሰጠ ትርጉም ረቡዕ በወረዳ ፍርድ ቤት ያስገድዳል፡፡

ቦታም እንደ ጊዜ ሁሉ ይቆጠራል፡፡ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ የሚሠራው በፌዴራል ሥልጣን ሥር ባሉት በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፡፡ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ በየጊዜያቸው አወጡ፤ እስኪያወጡ ድረስ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ክፍል ነበር የሚሠራባቸው፡፡ ስለዚህ «ጋብቻ» ብሎ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የት እንደሆነ መጠየቅ አለበት፡፡ የክልሎቹ ሕጎች በየራሳቸው ጋዜጣ ነው የሚወጡት፤ የአማራው ዝክረ ሕግ ይባላል፣ የኦሮሚያው መገለታ ኦሮሚያ፣ የአዲስ አበባው አዲስ ነጋሪት ጋዜጣ፡፡ የቀድሞው ደቡብ ክልል ደግሞ በየጊዜው ተከፍሎ በመጨረሻ በ2015 ዓ.ም. በስሙ የሚጠራ ክልል ሳይቀር አራት ክልሎች ሆኗል፡፡ የእሱ ሕጎች ለየትኛው ልጅ እንደተረፉ፣ የትኛው ልጅ በራሱ ሕግ እንደተካቸው መከታተል ራሱን የቻለ ሥራ ነው፡፡

ወደ መመሪያ ስመጣ ድምፄ ትንሽ ከፍ ቢል አንባቢ ይቅር ይበለኝ፡፡ አዋጅ በምክር ቤት ይወጣል፣ በጋዜጣ ይታተማል፤ ተራው ሰው በየቀኑ የሚጋጨው ግን ከመመሪያ ጋር ነው፡፡ ከዓመታት በፊት ለአንድ ደንበኛዬ ጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ጥያቄያችን ውድቅ የተደረገበትን መመሪያ ቅጂ ጠይቄ ነበር፡፡ «የውስጥ አሠራር ነው፣ ለውጭ ሰው አይሰጥም» ተባልኩ፡፡ ሰውየው በማያየው ሕግ ተዳኘ፡፡ የኃላፊው ክፋት አልነበረም፤ ሥርዓቱ እንደዚያ ነበር የሚሠራው፡፡ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ይህን ለመለወጥ የተጻፈ ነው፡፡ ማንኛውም የፌዴራል አስተዳደር መሥሪያ ቤት መመሪያውን በጊዜው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ከ2014 ወዲህ ደግሞ ፍትሕ ሚኒስቴር በሆነው መሥሪያ ቤት ማስመዝገብ፣ መለያ ቁጥር ማግኘትና በድረ ገጽ ማውጣት አለበት፡፡ ያልተመዘገበና ያልወጣ መመሪያ ተፈጻሚነት የለውም፡፡ እንደ ሕግ ሰው ይህ ድንጋጌ ከሃያ ዓመት የሕግ ማሻሻያ ፕሮጀክት ሪፖርቶች ሁሉ ይበልጥብኛል፡፡ ሌላውም ጥቅሙ ለያዝነው ነገር ነው፤ እያንዳንዱ መመሪያ መለያ ቁጥር አገኘ ማለት ከወላጅ አዋጁ ጋር የሚታሰርበት ገመድ አገኘ ማለት ነው፡፡ አንቀጹን የከፈተ ሰው ከሥሩ ያሉትን መመሪያዎች አንድ ላይ ማየት ይችላል፡፡ ከሥሩ ምንም ካላየ ደግሞ «ታዲያ በምን መመሪያ ነው የከለከላችሁኝ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፡፡

ይህ ሁሉ ሕልም አይደለም፡፡ ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ሕግ የሕግ ሪፖርት ብሔራዊ ምክር ቤት አቋቁማ፣ ዛሬ አገሪቱ ያላትን ሕግና የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ማንም ሰው ያለ ክፍያ በአንድ ድረ ገጽ ይፈልጋል፡፡ የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሕግ መረጃ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1992፣ የአውስትራሊያው በ1995 ሲጀመሩ ገንዘባቸው ትንሽ ነበር፤ የሠሯቸው የዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህራን ናቸው፡፡ ሕጎችንና የፓርላማ ሰነዶችን በአንቀጽ ከፋፍሎ የሚያያይዘው የሰነድ አጻጻፍ ደረጃ ደግሞ የመነጨው ለአፍሪካ ፓርላማዎች በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከተጀመረ ሥራ ነው፡፡ ስሙ «አኮማ ንቶሶ» ነው፤ በምዕራብ አፍሪካ አካን ቋንቋ የተያያዙ ልቦች እንደ ማለት ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸድቋል፡፡ አፍሪካ ውስጥ ተጀምሮ አውሮፓውያን ሲጠቀሙበት እኛ «ምን ሶፍትዌር ይሻላል?» እያልን ጨረታ ማውጣት የለብንም፡፡

እኛም ብንሆን ከባዶ አንነሳም፡፡ በንጉሡ ዘመን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሥራ ላይ ያሉትን ሕጎች አጠቃልሎ እ.ኤ.አ. በ1972 አሳትሟል፡፡ በታይፕራይተርና በካርድ ማውጫ የተሠራ ሥራ ነው፡፡ በኮሌጅ ሳለን በቤተ መጻሕፍቱ የቆዩ ገጾቹን ስንገልጥ ከአንቀጾቹ ይበልጥ የሚያስገርመን ሠሪዎቹ ለእያንዳንዱ አንቀጽ የማሻሻያውን መነሻ ሳይሰለቹ መጻፋቸው ነበር፡፡ ዛሬ በየክልሉ የሕግ ትምህርት ቤት አለ፡፡ አንዱ የሠራተኛ ሕግን፣ አንዱ የቤተሰብ ሕግን፣ አንዱ ግብርን ቢይዝና የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፍ ተማሪ አንድ የአዋጅ ክፍል ወስዶ ከውሳኔዎቹና ከመመሪያዎቹ ጋር ቢያገናኝ፣ መምህሩም ቢያርመው፣ መደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠጡት ጽሑፎች ይልቅ ለአገር ይጠቅማል፡፡ የፍትሕ ሚኒስቴርና የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ድርሻ መለያ ቁጥሮቹን መስጠትና ምንጮቹን ሳያቋርጡ ማቅረብ ይሆናል፡፡

«አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መጣ፣ እሱን እንጠይቀው፣ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚሉኝ ወጣት ባልደረቦች አሉ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ በአቪያንካ አየር መንገድ ላይ በቀረበ ክስ ጠበቆች ቻትጂፒቲ ፈጥሮ የሰጣቸውን፣ በዓለም ላይ የሌሉ ውሳኔዎችን ለፍርድ ቤት ጠቅሰው የ5,000 ዶላር ቅጣት ተጥሎባቸዋል፡፡ ይህ የሆነው ውሳኔው ሁሉ ተመዝግቦ በተያያዘበት አገር ነው፤ ዳኛው ፈልጎ አለመኖራቸውን ለማረጋገጥ ጊዜ አልወሰደበትም፡፡ እኛ ዘንድ ተመሳሳይ ነገር ቢቀርብ የወረዳ ዳኛው በምን ያረጋግጣል? የሚመልስ ማሽን የሚታመነው ከመልሱ ጋር የነጋሪት ጋዜጣውን ገጽ ወይም የመዝገቡን ቁጥር ሲያሳይና ያ ገጽ በእርግጥ ተከፍቶ ሲነበብ ነው፡፡ ስለዚህ አዲሱ ነገር ድካሙን አላስቀረልንም፤ አጣዳፊ አደረገው እንጂ፡፡

አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ብዙ ሰው አያነሳውም፡፡ የሰበር ቅጾች የተከራካሪዎችን ሙሉ ስም ይዘው ነው የሚታተሙት፡፡ ቅጹ መደርደሪያ ላይ ሲሆን የጎረቤትን የፍቺ ክርክር ሊያነብ የሚነሳ የለም፡፡ በስም የሚፈለግ ቋት ሲሆን ግን ቀጣሪ፣ አበዳሪ፣ የልጅ ትዳር የሚያጠና ወላጅ ሳይቀር ስም ጽፎ ይፈልጋል፡፡ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ባለበት አገር የቤተሰብና የሕፃናት ጉዳዮች ስም ሳይሸፈን ወደ ፍለጋ መግባት የለበትም፡፡ የሚያስገድደው የሕጉ ትርጉም ነው፤ የባለጉዳዮቹ ስም ለትርጉሙ አይጨምርም፡፡

የመጨረሻው ጥያቄ የኃላፊነት ነው፤ መሥሪያ ቤቶችን የሚያስፈራውም እሱ ይመስለኛል፡፡ ማሻሻያዎቹ ገብተውበት የተጠቃለለ ጽሑፍ ሕግ አይደለም፤ ሕጉ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው ነው፣ የፌዴራል ሕግ ከሆነም የመጨረሻ ቃል ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው፡፡ ታዲያ አርታኢው አንድ ማሻሻያ ቢዘነጋና ሰው በዚያ ተማምኖ ቢከስር ማን ይጠየቃል? ጽሑፉ የማጣቀሻ እንጂ የሕግ ኃይል ያለው እንዳልሆነ በግልጽ ይጻፍበት፡፡ እያንዳንዱ አንቀጽ ወደ መነሻ ጋዜጣው ገጽ የሚያደርስ መስመር ይኑረው፡፡ ከሥሩም ሕግ የሚያውቅ ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ያየበት ቀንና ያየው ሰው የሥራ ድርሻ ይጻፍ፤ ቀኑ የቆየ ከሆነ አንባቢው ራሱ ጋዜጣውን ይከፍታል፡፡